ግድግዳው የሚበላው ብርሃን

በቤት ውስጥ የሚያድግ ተክል ብርሃን የሚያገኘው ከሁለት ወገን ነው። አንዱ ከመስኮት ወይም ከአምፖል በቀጥታ ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው ሲሆን ሌላው ግድግዳው፣ ኮርኒሱና ወለሉ ተቀብለው መልሰው የሚልኩለት ነው። የመጀመሪያውን ለማብዛት መስኮት ማስፋት ወይም አምፖል መጨመር ይጠይቃል። ሁለተኛውን ለማብዛት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ባልዲ ኖራና አንድ ብሩሽ ይበቃል። ማንኛውም ግድግዳ ካረፈበት ብርሃን ከፊሉን ይመልሳል፣ የቀረውን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የሚመልሰው ድርሻ በመቶኛ ሲነገር የግድግዳው የመመለስ አቅም ይባላል። ይህ ምዕራፍ የሚያየው ያ አቅም ከቁስ ወደ ቁስ እንዴት እንደሚለያይና በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ላለ ሰው የትኛው ቁስ ለየትኛው ክፍል እንደሚስማማ ነው።

በወላይታ ተክል በጣሪያ ሥር የሚገባባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች የዘር ድንች እስከሚቀጥለው ተከላ ድረስ በመደርደሪያ ላይ ይቆያል። የአካባቢው የኑሮ ምሰሶ የሆነው እንሰት በአጠውልግ በሽታ ይጠቃል። ይህ የባክቴሪያ በሽታ በሳይንስ ጽሑፍ የተገለጸው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን የተገኘውም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ዝንጅብልም በ2012 እ.ኤ.አ. አካባቢ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል በባክቴሪያ አጠውልግ ክፉኛ ተመቷል። እነዚህ ሰብሎች የሚራቡት ከአካላቸው በሚቆረጥ ክፍል ስለሆነ የታመመ እናት ተክል የታመመ ልጅ ይወልዳል። ስለዚህ ንጹሕ ችግኝ በብልቃጥ ውስጥ፣ በተዘጋ ክፍል፣ በአምፖል ብርሃን ማራባት የሚባለው የቲሹ ካልቸር ሥራ ለእንሰት፣ ለሙዝና ለዝንጅብል አገር ትልቅ ነገር ነው። በቦሎሶ ሶሬ ወረዳ፣ አረካ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሣው በእንሰትና በሥራ ሥር ሰብሎች ነው። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ለዳታ ማባያ የሚሆን ሚጥሚጣ ወይም ለጓሮ የሚሆን ቲማቲም በቤቱ ጥግ በካርቶን የሚያፈላ ሰው አለ። ሦስቱ ክፍሎች በስፋትም በገንዘብም አይገናኙም። ግድግዳ ብርሃን የሚመልስበት ሕግ ግን ለሦስቱም አንድ ነው።

ብርሃን ግድግዳ ሲነካ

ሰው የሚያብለጨልጭ ነገር ሲያይ ብዙ ብርሃን እንደሚመልስ ያስባል። ዓይን የሚሸነገለው እዚህ ላይ ነው። መስታወት ብርሃኑን በመጣበት ማዕዘን ልክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይልከዋል፤ ዓይን በዚያ መንገድ ላይ ከቆመ ይጭበረበራል፣ ካልቆመ ምንም አያይም። በኖራ የተቀባ ግድግዳ ደግሞ ያረፈበትን ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል። ከየትም ሲታይ እኩል ነጭ ነው፣ የትም ቦታ አያጭበረብርም። ሁለቱ በጠቅላላ የሚመልሱት መጠን ግን ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል። ዮሃን ሃይንሪሽ ላምበርት ስለ ብርሃን ልኬት በ1760 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይህን የሚበትን ገጽ በሒሳብ ገልጾታል። እስከ ዛሬም ፍጹም በታኝ የሆነ ገጽ በእርሱ ስም ይጠራል።

ለተክል የተበተነ ብርሃን ይሻለዋል። ከአንድ አቅጣጫ ብቻ የመጣ ብርሃን የላይኛውን ቅጠል ሲያጠግብ የታችኛውን በጥላ ይተወዋል። በብዙ አቅጣጫ የመጣው ግን በቅጠሎች መሐል እየሾለከ ታች ይደርሳል። የታችኛው ቅጠል ቀድሞ የሚገረጣውና የሚረግፈው ብርሃን ሲያጣ ስለሆነ ከጎን የሚመጣው የግድግዳ ብርሃን የሚያግዘው በተለይ እርሱን ነው።

የመመለስ አቅም ትንሽ ሲጨምር ለተክሉ የሚደርሰው ብርሃን ትንሽ ብቻ የሚጨምር ይመስላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከአንዱ ግድግዳ የተመለሰው ብርሃን ሌላውን ይመታል፣ ከዚያም ሌላውን፣ እያንዳንዱም በየተራው ከብርሃኑ ይቆነጥራል። ቀላል ስሌት ይህን ያሳያል። ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው እኩል የሆነ ክፍል ይታሰብ። ወለሉ በሙሉ በችግኝ ተሸፍኗል፣ ችግኙም ከሚደርሰው ብርሃን 90 በመቶውን ይወስዳል። አራቱ ግድግዳና ኮርኒሱ ከአንድ ዓይነት ቁስ የተሠሩ ናቸው፤ ብርሃኑም በክፍሉ ውስጥ በእኩል ተበትኗል። ግድግዳው 25 በመቶ ብቻ የሚመልስ ከሆነ ችግኙ ከጠቅላላው ብርሃን የሚያገኘው 19 በመቶ ያህል ነው። 50 በመቶ ሲመልስ 26 ይደርሳል። 80 ሲመልስ ወደ 47፣ 90 ሲመልስ ወደ 64 ይወጣል። ከ25 ወደ 50 የተደረገው ትልቅ ዝላይ ያመጣው ሰባት ነጥብ ሲሆን ከ80 ወደ 90 የተደረገው ትንሽ እርምጃ ግን አሥራ ሰባት ነጥብ አምጥቷል። ነጭን ይበልጥ ነጭ ማድረግ፣ ነጩንም በንጽሕና መጠበቅ፣ ጥቁሩን ግራጫ ከማድረግ የበለጠ ይከፍላል።

ስሌቱ የሚሠራው በሚገባ ለተዘጋና ብርሃኑ ለተበተነበት ክፍል ነው። አምፖሉ ከችግኙ በላይ በቅርብ ተንጠልጥሎ ወደታች ብቻ ሲያበራ አብዛኛው ብርሃን ግድግዳውን ሳይነካ ቅጠል ላይ ስለሚያርፍ የግድግዳው ድርሻ ያንሳል። ክፍሉ ሰፊ ሆኖ ችግኙ መሐል ላይ ትንሽ ቦታ ሲይዝም ከግድግዳው የሚመለሰው ብርሃን እዚያ ሳይደርስ ይባክናል። ስለዚህ ከቁሱ ዓይነት እኩል የሚመዘነው ርቀቱ ነው። በሰፊ ክፍል ውስጥ ሩቁን ግድግዳ በውድ ነገር ከመሸፈን መደርደሪያውን በቅርብ በነጭ ነገር መክበብ ይበልጣል።

የጭቃ ግድግዳና ሰማያዊው ብርሃን

በሶዶና በዙሪያዋ የብዙ ቤት ግድግዳ የባሕር ዛፍ ማገር ላይ የተመረገ ጭቃ ነው። የወላይታ አፈር በብዛት ቀይ ስለሆነ ምርጊቱም ሲደርቅ ወደ ቀይ ቡናማ ይወስደዋል። እንዲህ ያለ ግድግዳ የሚመልሰው ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ጭስ የጠጣ የማዕድ ቤት ግድግዳ ደግሞ ከአሥር በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። ያልተቀባ የሲሚንቶ ልስን ከሁለቱም ይሻላል እንጂ ከሲሶ ብዙም አያልፍም።

የቀይ ምርጊት ጉዳት በመጠን ብቻ አያበቃም። ቀይ የሚመስለው የቀዩን ብርሃን በመጠኑ መልሶ ሰማያዊውን ስለሚውጥ ነው። ተክል ለምግብ ሥራው የሚጠቀምበት ብርሃን በሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ድረስ ያለው ነው። ከዚህ ውስጥ ሰማያዊው ወገን ለምግብ ሥራ ከመዋሉ ሌላ ግንዱ እንዳይመዘዝ የሚገታ ምልክትም ነው። ስለዚህ በጭቃ ቤት ጥግ የፈላ ችግኝ በሁለት መንገድ ይጎዳል፤ ብርሃኑ ያንሰዋል፣ ከሚደርሰውም ውስጥ ሰማያዊው ይጎድልበታል። ውጤቱ ችግኝ ያፈላ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ግንዱ እንደ ክር ቀጥኖ ይመዘዛል፣ ቅጠሉ ገርጥቶ ይርቃል፣ ወደ መደብ ሲዛወርም ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በዘሩ ይሳበባል። ዘሩ ግን የሠራው ሥራ ትክክል ነው፤ ብርሃን ፍለጋ ሮጧል።

ከዚህ ግድግዳ ጋር በቀላሉ የሚስማማው ኖራ ነው። ኖራ ከድንጋዩ ተቃጥሎ የተገኘ ነገር ሲሆን ግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ይጠጥራል። ጭቃ ይተነፍሳል፤ ኖራም ያስተነፍሳል፤ ስለዚህ እርጥበቱ ከኋላ ታፍኖ አይቀርም። ጠባዩ እንደ አመድ ውሃ የሚቆጠቁጥ ስለሆነ ለሻጋታ አይመችም። በደንብ የተቀባ ትኩስ ኖራ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ70 እስከ 80 በመቶ ይመልሳል። አቀባቡ ትዕግሥት ይፈልጋል። ግድግዳው አቧራው ተጠርጎ በውሃ ይርሳል፤ ኖራው እንደ ቀጭን ወተት ሆኖ ይበጠበጣል፤ በስሱ ተቀብቶ ይደርቃል፤ ከዚያ ይደገማል፣ ይሠለሳል። እርጥብ ሳለ ከሥሩ ያለው ጭቃ ስለሚታይ ሰው ያልነጣ መስሎት በአንድ ጊዜ ያወፍረዋል፣ ያን ጊዜም እንደ ቅርፊት ይላጣል። የሚነጣው ሲደርቅ ነው። ያልተሟሟ ኖራ ውሃ ሲነካው እጅግ ስለሚግልና ዓይን ስለሚያጠፋ ከዋዜማው ተበጥብጦ ማደር፣ ሲቀባም ፊትን መከለል ያስፈልጋል። ጉድለቱ ሲነኩት እጅ ማንጣቱና አንድ ዓመት ሳይሞላው መፍዘዙ ነው።

ጀሶ ከኖራ ይበልጥ የለሰለሰና የነጣ ገጽ ይሰጣል። ግን እርጥበት አይወድም፤ ችግኝ በየቀኑ በሚጠጣበት ክፍል ውስጥ ላዩ ካልተቀባ ይቦካል፣ ይረግፋል። ስለዚህ ጀሶ እንደ መጨረሻ ልባስ ሳይሆን የቀለም መደብ ተደርጎ ይያዝ።

ቀለም

በልስን ወይም በጀሶ ላይ ለሚሠራ ክፍል ከሁሉ የሚመረጠው የማያብለጨልጭ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ነው። ንጹሕ ሳለ ከ80 እስከ 90 በመቶ ይመልሳል፣ ይበትናልም። ነጭነቱ የሚመጣው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከሚባል ዱቄት ነው። ርካሽ ቀለም ውስጥ ይህ ዱቄት ተቀንሶ በሌላ መሙያ ይተካል፤ ያን ጊዜ ሁለት ጊዜ ተቀብቶም የሥሩ ቀለም ያሳያል። ገዢ ነጩን ከነጭ ለመለየት ጥቁር ካርቶን ላይ አንድ ጊዜ ቀብቶ አድርቆ ቢያይ ይበቃዋል፤ ጥቁሩን ቶሎ የሸፈነው ይሻላል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከ400 ናኖሜትር በታች ያለውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይውጠዋል፤ በተራ አምፖልና መስታወት ባለው መስኮት ለሚያድግ ችግኝ ግን ይህ ጉዳት አይሆንም።

የዘይት ቀለም ይታጠባል፣ እርጥበትም ይችላል። ችግሩ ከጊዜ ጋር፣ በተለይም ብርሃን በማያገኝ ጥግ፣ ወደ ቢጫ መዞሩ ነው። ቢጫ ማለት ሰማያዊውን መዋጥ ማለት ነው። ክሬም፣ የዝሆን ጥርስና ፈዛዛ ቢጫ ለሳሎን ሊያምሩ ይችላሉ፤ ለችግኝ ክፍል ግን ንጹሑ ነጭ ብቻ ነው የሚሆነው። አረንጓዴ ግድግዳ ለተክል ይስማማል የሚለው ግምትም መሠረት የለውም፤ አረንጓዴ ቀለም የሚውጠው ቅጠል የሚፈልገውን ቀይና ሰማያዊ ነው።

የሚያብለጨልጩት

አልሙኒየም ፎይል ከ85 እስከ 90 በመቶ ይመልሳል። ቁጥሩ ከጥሩ ነጭ ቀለም ጋር እኩል ነው፣ አይበልጥም። ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ መጨማደዱ አይቀርም፤ እጥፋቱ ውስጥ ብርሃን ወዲያና ወዲህ እየተላተመ ይዋጣል፣ አቧራም ያድራል። ቅጠል ያቃጥላል የሚባለው የተጋነነ ነው፤ ዝርግ ገጽ ብርሃን አይሰበስብም። በደንብ ሊፈራ የሚገባው ኤሌክትሪኩ ነው። ፎይል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የተላጠ ሽቦ ወይም በጨርቅ ፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ባለበት ክፍል፣ እርጥብ እጅ በሚበዛበት ቦታ፣ ግድግዳውን በፎይል ማልበስ ግድግዳውን ራሱን በ220 ቮልት ሊያስታጥቀው ይችላል።

ፎይል ሌላ ጠባይም አለው፤ ሙቀትን ከብርሃን ይበልጥ ይመልሳል። ነጭ ቀለም ለዓይን ነጭ ቢሆንም ከሞቀ ነገር የሚወጣውን የማይታይ ጨረር ይውጣል፣ መልሶም ወደ ውጭ ያስወጣል። ፎይል ከዚያ ጨረር ከ95 በመቶ በላይ ይመልሳል። ስለዚህ ሁምቦን በመሰለ ቆላማ ወረዳ ለፎይል የሚገባው ቦታ ከግድግዳው ይልቅ ከቆርቆሮው ሥር ነው። ከጣሪያውና ከኮርኒሱ መሐል፣ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተትቶለት ቢዘረጋ ቆርቆሮው ቀን የጋለውን ወደ ክፍሉ እንዳያወርድ ይከላከላል። ከሥሩ ያለው ኮርኒስ ደግሞ ነጭ ይሁን። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ቁስ በሚያውቀው ሥራ ላይ ይውላል።

ማይላር በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ስስ ላስቲክ ከጀርባው ወይም ከላዩ አልሙኒየም የተረጨበት ፖሊስተር ነው። በጥሩ ሁኔታ ከ90 በመቶ በላይ ይመልሳል፣ በውጭ አገር የቤት ውስጥ አትክልተኞችም ይወዱታል። በጣም ስስ የሆነው ዓይነት ግን ወደ አምፖል ሲያዩበት ብርሃን ያሳልፋል፤ ያሳለፈው ሁሉ የጠፋ ነው። ሲጠረግም ይጫጫራል። በሶዶ እንደ ልብ በማይገኝበት ሁኔታ ለእርሱ ብሎ መንከራተት አያስፈልግም፤ በእርሱና በጥሩ ነጭ ቀለም መሐል ያለውን ጥቂት ነጥብ የአንድ ወር አቧራ ይውጠዋል።

መስታወት በብዙዎች ግምት ከሁሉ የላቀ ነው። ተራው መስታወት ብር ወይም አልሙኒየሙ ከጀርባው ስለሆነ ብርሃኑ ሲገባም ሲወጣም ብርጭቆውን ማቋረጥ አለበት፤ በየመንገዱም ይቀነሳል። ውድ ነው፣ ይከብዳል፣ ይሰበራል፣ ከጥሩ ነጭ ቀለምም በልጦ አይገኝም። አዲስ ቆርቆሮም እንዲሁ ቢያብረቀርቅም ብዙ ይውጣል፤ ከጊዜ በኋላ ሲደበዝዝ ደግሞ ይባስ ይወርዳል። ቆርቆሮ ግድግዳ ያለው ሰው ከውስጥ በኩል ነጭ ቢቀባው ብርሃኑም ይተርፈዋል፣ ዝገቱም ይዘገይለታል።

በእጅ ካሉ ነገሮች መካከል ነጭ የማዳበሪያ ከረጢትና አቡጀዲ ይጠቀሳሉ። ሁለቱም ከፊሉን ብርሃን ስለሚያሳልፉ ብቻቸውን መጋረጃ ሆነው ሲንጠለጠሉ ይባክናል፤ ተደርበው ወይም ነጭ ግድግዳን ተደግፈው ሲሆኑ ጥሩ ናቸው። ከረጢቱ በሚገባ ይታጠብ፣ ጽሑፍ ያለበት ወገንም ወደ ውጭ ይዙር። ነጭ ፎም ብርሃን በመመለስ ማለፊያ ነው፤ ግን በቀላሉ ይነዳል፣ ጭሱም መርዛማ ነው። ከአምፖልና ከሽቦ አጠገብ ቦታ የለውም።

የዘር ድንች መደርደሪያ

ከሁሉ ይልቅ ግድግዳና ብርሃን በወላይታ የተገናኙበት ቦታ የዘር ድንች ማከማቻው ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በፔሩ፣ ሊማ የሆነው ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በታዳጊ አገሮች ያስፋፋው ይህ ማከማቻ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። የዘር ድንች በጨለማ ሲቀመጥ ጉንቁሉ ነጭ፣ ረጅምና ተሰባሪ ይሆናል። የተበተነ ብርሃን ሲያገኝ ግን ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ይቆያል፣ ሲተከልም አይሰበርም። ቀጥታ ፀሐይ ግን አይፈለግም፣ ያግለዋልና። ብርሃን ያየ ድንች አረንጓዴ ስለሚሆንና ሶላኒን የሚባል መርዝ ስለሚያበዛ ለዘር እንጂ ለምግብ አይሆንም።

ማከማቻው ጣሪያ ያለው፣ ጎኖቹ አየርና ብርሃን በሚያስገባ ርብራብ የተሠሩ ቤት ነው። ውስጡ ከባሕር ዛፍ ወይም ከቀርከሃ የተሠራ ባለ ብዙ ደረጃ ቆጥ ይቆማል፣ ድንቹም በሁለትና በሦስት ድርብ ብቻ ይነጠፋል። ብርሃኑ ከጎን ስለሚገባ ጠርዝ ላይ ያለው ይጠግባል፣ መሐሉ ይራባል። ለዚህ ግድግዳው ሳይሆን ቆጡ ራሱ አንጸባራቂ መሆን አለበት። ቋሚዎቹ፣ አግዳሚዎቹ፣ በተለይም የእያንዳንዱ ቆጥ ሆድ በኖራ ከተቀቡ ከሥር ባለው ድንች ላይ ብርሃን ያወርዳሉ። ወለሉም በነጭ ጠጠር ወይም በኖራ ከነጣ የታችኛው ቆጥ ከሥሩ ጭምር ይበራለታል። ርብራቡ በላስቲክ ወይም በፎይል መደፈን የለበትም፤ አየር ያጣ ድንች ይበሰብሳል።

እዚህ ቤት መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም። ድንቹ ከገባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከጠርዙ አንድ፣ ከመሐሉ አንድ፣ ከታችኛው ቆጥ ጀርባ አንድ ድንች አንሥቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። የጠርዙ ጉንቁል እንደ ሽምብራ ፍሬ ድቡልቡልና አረንጓዴ ሆኖ የመሐሉ የጣት ርዝመት ያህል ነጭ ከሆነ ብርሃኑ የት እንደቆመ ድንቹ ራሱ ተናግሯል። ያን ጊዜ ብርሃን የተራበውን ቦታ ኖራ መቀባት፣ ወይም ቆጡን ማጥበብ፣ ወይም ድንቹን በየጊዜው ማለዋወጥ ይመረጣል።

የብልቃጥ ክፍል

በቲሹ ካልቸር ክፍል ችግኙ በማሰሮ ቅርጽ ባለው ብርጭቆ ወይም በብልቃጥ ውስጥ፣ ስኳር ባለው መኖ ላይ ይቆማል። የተለመደው አያያዝ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀት፣ በቀን 16 ሰዓት ብርሃንና 8 ሰዓት ጨለማ ነው። ስኳሩን ከመኖው ስለሚወስድ የሚፈልገው ብርሃን ብዙ አይደለም፤ ከ2,000 እስከ 3,000 ሉክስ የተለመደ ነው። የዚህ ክፍል ጠላት የብርሃን ማነስ ሳይሆን ሻጋታና ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ እዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ መታጠብ መቻሉ ነው። ዱቄቱ የሚረግፍ ኖራ፣ እጥፋቱ አቧራ የሚያቅፍ ፎይል፣ ክር የሚያበንን ጨርቅ ሁሉ ይወጣሉ። የሚገባው በበረኪናና በአልኮል የሚወለወል ነጭ ሴራሚክ ወይም ለስላሳ ኢፖክሲ ቀለም ነው። ከአምፖሉ በላይ ያለው የመደርደሪያ ሆድ ነጭ ከሆነ ወደ ላይ የሚያመልጠው ብርሃን ተመልሶ ብልቃጡ ላይ ያርፋል።

በዚህ ክፍል አምፖሉ በቀን 16 ሰዓት ስለሚበራ ግድግዳው የሚመልሰው ሁሉ በኤሌክትሪክ ወጪ ይታያል። ከወላይታና ከዳውሮ አዋሳኝ፣ በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውና በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግድቡ ቅርብ መሆኑ ግን የክፍሉን ቆጣሪ አያቆመውም። መብራት ሲቋረጥም ክፍሉ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ስለሚወድቅ ነጭ ግድግዳ ያን ጊዜ ይበልጥ ይፈለጋል።

መስኮት ላለው ክፍል

ሶዶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ በአናት ትቆማለች። በሰኔ በሰሜን በኩል፣ በታኅሣሥ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ በሁለቱም ጊዜ ግን ከፍ ብላ ነው። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ የጣሪያው ክፈፍ ፀሐይዋን ይከልላታል፣ ወደ ክፍሉም የሚገባው ከሰማይና ከደጁ መሬት የተመለሰ ብርሃን ብቻ ይሆናል። ቀጥታ የሚገባው ጠዋት በምሥራቅ፣ ወደ ማታ በምዕራብ መስኮት ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ከምሥራቁ መስኮት ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከሁሉ በፊት ይነጣ። ኮርኒሱም አይረሳ፤ ከደጅ መሬት ወደ ላይ የሚነሣው ብርሃን መጀመሪያ የሚመታው እርሱን ነው። ከመስኮቱ ሥር ያለው በረንዳ በነጭ ጠጠር ቢሸፈን እኩለ ቀን ላይ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣው ይበዛል። ሰማዩ በሚከብድበት በክረምቱ ወራት ይህ ተመላሽ ብርሃን ትልቅ ድርሻ ይይዛል።

ችግኝ ወደ መስኮት መጉበጡም በግድግዳ ይታረማል። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር በ1880 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሣር ቡቃያ ብርሃን የሚመጣበትን አቅጣጫ የሚለየው በጫፉ መሆኑን አሳይቷል። ችግኙ የሚያነጻጽረው ከፊቱና ከጀርባው ያለውን ብርሃን ስለሆነ ጀርባው ሲነጣ ልዩነቱ ይጠባል፣ ጉብጠቱም ይቀንሳል። የሚጥሚጣ ችግኝ ለሚያፈላ ሰው አንድ ካርቶን ይበቃዋል። ከመስኮቱ በኩል ያለው ጎን ይቆረጣል፤ የቀሩት ሦስት ጎኖች ከውስጥ ነጭ ወረቀት ይለጠፍባቸዋል ወይም ይቀባሉ፤ ክዳኑ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ከላይ የሚወርደውን ብርሃን እንዲያወርድ ይደገፋል። ጀርባው ከችግኙ አንድ ስንዝር ብቻ ይራቅ።

መለካትና መጠበቅ

የግድግዳን የመመለስ አቅም በግምት ለማወቅ ብርሃን የሚለካ አፕ ያለው ስልክና ጥቂት ነጭ የኮምፒውተር ወረቀት ይበቃሉ። የማይዋዥቅ መብራት ባለበት ክፍል ስልኩ ዳሳሹ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ አንድ ስንዝር ርቆ ይያዛል፣ ቁጥሩም ይጻፋል። ከዚያ ስልኩ ሳይነቃነቅ ግድግዳው ላይ ተደራርበው የተለጠፉ ወረቀቶች ይደረጉና እንደገና ይነበባል። ወረቀቱ 85 በመቶ ያህል ይመልሳል ተብሎ ቢያዝ፣ ወረቀቱ 200 ግድግዳው 60 ካነበበ ግድግዳው ከ25 በመቶ ብዙም አይርቅም። ከአዲስ ቅብ በኋላና ከስድስት ወር በኋላ የተነበቡት ሁለት ቁጥሮች ከማንኛውም የሻጭ ቃል ይልቅ ይታመናሉ።

ላስቲክም ሆነ ፎይል በቀጥታ ጭቃ ላይ አይለጠፍ። ከኋላው የሚታፈነው እርጥበት ሻጋታ ያበቅላል፣ ለምስጥም መንገድ ያበጃል፤ ጉዳቱም የሚታየው ማገሩ ከተበላ በኋላ ነው። የግድ ከሆነ በቀጭን እንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ከላይና ከታች አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተትቶለት ይቁም።

በበጋ ወራት ከመንገዱ የሚነሣው ቀይ አቧራ በየስንጥቁ ይገባል። ነጭ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚያጠፋው ሰማያዊውን ተመላሽ ነው፤ ግድግዳው ለዓይን ገና ነጭ እየመሰለ ለችግኙ ግን ወደ ምርጊቱ ቀለም እየተመለሰ ነው። የቀለም ግድግዳ በወር አንድ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ይወልወል። ኖራ አይወለወልም፤ በለስላሳ መጥረጊያ አቧራው ይራገፋል። ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለበልጉ ችግኝ ዘር ከመዘራቱ ሁለት ሳምንት በፊት፣ አንድ ስስ ኖራ ይደረብለታል።